ያልተባረከችው ቆቅ

የካቲት ነበር፤ የቅበላ ቅዳሜ። ዐቢይ ጾም ሰኞ ሊገባ እሑድ ብቻ ቀርቶታል። ቀኑን አስቀድሜ የምነግራችሁ ያለ ምክንያት አይደለም፤ አንድ ሳምንት ዘግይተን ቢሆን ኖሮ ወደዚያ ኮረብታ ባልወጣን ነበር። ተማሪዎቼ ናችሁና ታውቁኛላችሁ፣ ነገርን ከሥሩ ጀምሬ ካላስረዳሁ አይሆንልኝም፤ እንግዲህ ታገሡኝ።

አብረውኝ የነበሩት ኣቦይ ሃጎስ ናቸው፤ ኣቦይ በትግርኛ አባቴ እንደማለት ነው። ያኔ መቀሌ ውስጥ አስተምርበት የነበረው ትምህርት ቤት ዘበኛ ነበሩ፤ ረጅም፣ ቀጭን፣ ቀኝ ጉልበታቸው በደንብ የማይታጠፍ ሽማግሌ። ያደጉት ከመቀሌ በስተምሥራቅ፣ ደጋው አልቆ ወደ አፋር ቆላ ቁልቁል በሚቆረጥበት ጠርዝ አካባቢ ነው። እዚያ በወንጭፍ ቆቅ ያድኑ ነበር። ጠመንጃ አይወዱም፤ ጠመንጃ አንዷን ይገድልና መቶዋን ያባርራል ይላሉ። እኔ ከደብረ ማርቆስ በመጣሁበት በመጀመሪያው ዓመት፣ በየጠዋቱ በሩ ላይ ቆሜ ስለ ደጋ ሣርና ስለ አፈር ዓይነት ሳወራላቸው በትዕግሥት ሰሙኝና፣ አንድ ቅዳሜ «በል ና፣ የምታወራውን ሣር በእግርህ እርገጠው» ብለው ይዘውኝ ወጡ። ከዚያ በኋላ ያልወጣንበት ቅዳሜ ጥቂት ነው።

በወንጭፍ አደን ሁለት ሰው ያስፈልጋል፤ አንዱ ይመታል፣ አንዱ ይሮጣል። ለምን ቢባል፣ ድንጋዩ ብዙ ጊዜ ቆቋን አይገድላትም፤ ክንፍ ይሰብራል፣ ያዞራታል። ነፍሷ ሳትወጣ ካራ ይዞ የሚደርስ ሰው ያስፈልጋል። «በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ» ብሎ አንገቷን ካልባረከ ሥጋዋ በክት ነው፤ የክርስቲያን አፍ አይነካውም። መቺው በበኩሉ ከቆመበት አይነቃነቅም። ወፏ የወደቀችበትን አቅጣጫ ዓይኑን ተክሎ ይይዛል፤ ሯጩ ሣር ውስጥ ሲጠፋበት ዞሮ እሱን እያየ ይታረማል። መቺው አንድ እርምጃ ቢፈቀቅ አቅጣጫው ጠፋ ማለት ነው። እንግዲህ መቺው እሳቸው፣ ሯጩ እኔ ነበርን። ሥራዬን እወደው ነበር። በደብተሬ ላይ እንኳን ስንት ጊዜ እንደደረስኩ፣ ስንት ጊዜ እንደዘገየሁ መዝግቤ እይዝ ነበር።

የዚያን ቀን ግን ለደስታ አልወጣንም። የኣቦይ ሃጎስ ልጅ ትርሓስ ዓይደር ሆስፒታል ተኝታ ነበር። ሆዷን ቀዶ ሕክምና ተደርጎላት ቁስሉ እየጠገገ ነው፤ ሐኪሞቹ ብዪ ይሏታል፤ እሷ ግን ምግብ ሲቀርብላት ፊቷን ወደ ግድግዳ ታዞራለች። እንዲህ ከሆነች ሳምንት አልፏታል። ቁስል በምግብ እንጂ በመድኃኒት ብቻ አይድንም ብለው ሐኪሞቹ አባቷን አስጠንቅቀዋቸዋል። ሐሙስ ዕለት አክስቷ ስትለማመጣት፣ ትርሓስ ዓይኗን ጨፍና፣ ቆቃሕ ቢሆን እበላ ነበር አለች። ቆቃሕ ማለት በትግርኛ ቆቅ ነው። ልጅ ሳለች አባቷ ያመጡላት የነበረው መጥቶባት ነው። ዐርብ ጾም ነው፤ እሑድ አይታደንም፤ ሰኞ ሁዳዴ ይገባል። የንስሐ አባቷ ለበሽተኛ ይፈቀዳል ብለዋት ነበር፤ እሷ ጾሜን አልሽርም ብላለች። ግትርነቷን ከማን እንደወረሰችው ኣቦይ ሃጎስን ያየ ሰው አይጠይቅም። ስለዚህ የነበረን ያቺ አንዲት ቅዳሜ ብቻ ነበረች።

ሊነጋ ሲል መቀሌ ሮማናት አደባባይ ተገናኘን። ሚኒባሱ ኩሓን አልፎ ወደ ደጋው ሲወጣ ኣቦይ ሃጎስ በኪሳቸው ያሉትን ድንጋዮች በጣታቸው ይቆጥሩ ነበር። ድንጋዮቹን ከወንዝ ዳር ነው የሚለቅሟቸው፤ የእርግብ እንቁላል የሚያህሉ፣ ሹል ጠርዝ የሌላቸው። ከመኪና ወርደን ሁለት ሰዓት ያህል በእግር ሄድን።

ያን ኮረብታ ባሳያችሁ ደስ ይለኝ ነበር። ተራራ አይባልም፤ ረጅም፣ ለስላሳ፣ የተኛች ላም ጀርባ የመሰለ ነው። ወገቡ ላይ ጥድና ወይራ አለ። ከዚያ በላይ ዛፉ ይቀርና ጉልበት የሚደርስ ሣር ብቻ ይሆናል፤ በመካከሉ የአስታ ቁጥቋጦ እዚህም እዚያም ጠቆር ጠቆር ብሎ ቆሟል። በየካቲት ሣሩ ደርቆ የብር ቀለም ይይዛል። ነፋስ ሲያልፍበት ከጫፍ እስከ ጫፍ አንዴ ይጎነበስና አንዴ ይነሣል፤ እናንተ ቆማችሁ መሬቱ የሚሄድ ይመስላችኋል። ዝምታውም እንደ ከተማ ዝምታ አይደለም። መጀመሪያ ጆሯችሁን ይከብደዋል፤ ትንሽ ቆይቶ የራሳችሁን እስትንፋስ ትሰማላችሁ፤ ከዚያ የጎን ጓደኛችሁን፤ በመጨረሻ የማንም ያልሆነ፣ ከሣሩ ሥር የሚመጣ የሚመስል ቀጭን ድምፅ ትሰማላችሁ። እዚያ ስሄድ ብዙ ጊዜ ወዴት እንደምሄድ እረሳለሁ። ትናንት ማታ በሕልሜ የሄድኩበት ይሁን ዛሬ በእግሬ የምሄድበት መለየት ያቅተኛል።

ኣቦይ ሃጎስ ግን መሬት መሬቱን ያዩ ነበር። አንድ የአስታ ሥር ላይ ቆሙና በአገጫቸው አመለከቱኝ። አቧራው ላይ ሦስት ጣት ወደፊት፣ አንድ ትንሽ ነጥብ ወደኋላ፤ ከጎኑ ሳሕን የሚያህል ጎድጓዳ። ቆቆች አፈር የሚታጠቡበት ነው። ኩሱ ገና እርጥብ ነበር። ጎንበስ ብለው ነኩትና እዚሁ ናቸው አሉኝ። ካራውን ከወገባቸው ፈትተው ሰጡኝ።

ያኔ ነው ጉሙ የመጣው።

እኔ ባደግሁበት አገር ጉም የክረምት ነው። በበጋ፣ ሰማዩ ንጹሕ ሆኖ ሳለ፣ ጉም ከታች ከቆላ ወደ ላይ ሲወጣ ያየሁት እዚህ ነው። ከጠርዙ በስተጀርባ ነጭ ነገር ብቅ አለ፣ ቆመ፣ ከዚያ ዝም ብሎ ወደ እኛ ይፈስ ጀመር። አስታዎቹ አንድ በአንድ ጠፉ። የማላልፈው ነገር ነውና ለኣቦይ ሃጎስ አስረዳኋቸው፤ ከቀይ ባሕር በኩል የሚመጣ እርጥብ አየር ገደሉን ሲወጣ እየቀዘቀዘ እንደሚሄድ፣ ሲቀዘቅዝም እንዲህ እንደሚሆን። እስክጨርስ ሰሙኝና፣ «ጥሩ ነው መምህር። ይኸው ትምህርትህ መሬቱ የት ላይ እንደሚያልቅ ይናገራል?» አሉ።

ሳቅሁ። እሳቸው አልሳቁም። ጉም ውስጥ አይሮጥም አሉኝ፤ መራመድ ብቻ፣ እግርን ከማሳረፍ በፊት መሬቱን መዳሰስ፣ ሲጠሩኝ ወዲያው መልስ መስጠት። ጠርዙ አጥር የለውም፤ ሣሩ እስከ መጨረሻዋ ስንዝር ድረስ አንድ ዓይነት ነው አሉ። ሁሉንም በልቤ ጻፍኩት። ጥሩ ተማሪ ነኝ ብዬ አስብ ነበር።

ቆቋ ስትጮህ ሁለታችንም ቆምን። በጉሙ ውስጥ ድምጿ ከየት እንደሆነ አይታወቅም፤ ከፊትም ከኋላም ይመስላል። ኣቦይ ሃጎስ ዓይናቸውን ጨፈኑ። እንደዚያ ሆነው ወንጭፉን አዘጋጁ፣ ዓይናቸውን ሲገልጡ ሃያ እርምጃ ያህል ርቃ ከሣሩ አንገቷን ያወጣች ግራጫ ነገር ታየችኝ። ወንጭፉ አንዴ፣ ሁለቴ ዞረ። ድንጋዩ ሲሄድ አላየሁትም፤ የመታበትን ድምፅ ግን ሰማሁ፤ ትራስ በጡጫ ሲመታ ዓይነት። ወፏ ተነሣች፣ ተዛነፈች፣ በአንድ ክንፍ እየተንፈራገጠች ወደ ነጩ ገባች።

ትርሓስ ትዝ አለችኝ። ፊቷን ወደ ግድግዳ ያዞረች፣ የአንገቷ አጥንት የሚታይ። ከኋላዬ ኣቦይ ሃጎስ ቀስ በል ሲሉ ሰምቻለሁ፤ አልሰማሁም ብዬ ልዋሻችሁ አልችልም። ግን የክንፏ ድምፅ ከፊቴ ነበር፤ እየደከመም ነበር። ከሞተች አበቃ። ሮጥኩ።

ያ ሩጫ እስካሁን በሕልሜ ይመጣል፤ የሚገርመው ክፉ ሕልም አይደለም። እግሬ መሬት የሚነካ አይመስለኝም ነበር። ከሁሉም አቅጣጫ ነጭ፣ ሣሩ ከጉልበቴ በታች እየታየ ይጠፋል፤ የት እንዳለሁ፣ ስንት እንደሮጥኩ አላውቅም። ክንፉ አንዴ ይመታና ዝም ይላል፤ እንደገና ይመታል። በመጨረሻ አየኋት። አንድ እፍኝ ሣር ላይ በጎኗ ወድቃ ነበር። ካራውን ይዤ ጎንበስ አልኩ፤ የቀኝ እግሬ ያረፈበት ጠጠር ተንከባለለ፣ የተበላው የጫማዬ ሶል አልያዘልኝም፣ በጎኔ ተንሸራተትኩ።

መንሸራተቱ ሲቆም ደረቴ መሬት ላይ ነው። ከወገቤ በታች ምንም የለም። ግራ እጄ የአስታ ሥር ጨብጧል፤ እንዴት እንደያዘው አላውቅም። በቀኝ እጄ ካራው አለ። በእግሬ ጣት አንዲት የድንጋይ ጉጥ አገኘሁና ተደገፍኩባት። ከሥሯ ጠጠር ወረደ። የሚያርፍበትን ድምፅ ጠበቅሁ፤ አልመጣም።

ቆቋ ከፊቴ ነች። በአፍንጫዬና በመንቁሯ መካከል አንድ ክንድ እንኳን አይሞላም። በሕይወት ነበረች። በዓይኗ ዙሪያ ቀይ ቀለበት አለ፤ ደረቷ ፈጥኖ ፈጥኖ ይነሣል። የአንገቷን ላባዎች አንድ በአንድ መቁጠር እችል ነበር።

ኣቦይ ሃጎስ ከሩቅ ደረስክባት ወይ ብለው ጠሩኝ። አዎ፣ በሕይወት አለች፣ አንድ ደቂቃ ስጡኝ አልኩ። እውነቴን ነው፣ አስቤበት ነበር። ወፍ ለመባረክ ሁለት እጅ ያስፈልጋል፤ አንዱ አንገቷን ይይዛል፣ አንዱ ይቆርጣል። የአስታውን ሥር ብለቅ፣ በጉጧ ላይ ብቆም፣ እስከ ሦስት እስክቆጥር ይበቃኛል ብዬ አሰላሁ። እንደ ሒሳብ ጥያቄ በሥርዓት ነበር የማስበው። ጣቶቼን ማላላት ጀምሬ ነበር።

ድምፄ ከመሬት በታች እንደመጣላቸው የገባቸው ያኔ ይመስለኛል። ቀጥሎ ሲናገሩ ድምፃቸው ዝቅ ያለ ነበር።

«መምህር፣ እጆችህ የት ናቸው?»

አንዱ ሥር ይዟል፣ አንዱ ካራ ይዟል አልኳቸው።

«ካራውን ጣለው።»

ወፏ አልሞተችም አልኩ፤ እደርስባታለሁ፤ ትርሓስ...

«ጣለው ወደይ።»

ወደይ ማለት ልጄ ማለት ነው። ካራውን ለቀቅሁ። እሱም ድምፅ አላሰማም። በሁለት እጆቼ ሥሩን ያዝኩ፤ ወዲያውም በእግሬ ሥር የነበረችው ጉጥ ተነቅላ ሄደች።

እንዲህ ተንጠልጥዬ ሳለሁ ጉሙ ከበታቼ ተገለጠ። ለጥቂት እስትንፋስ ያህል ብቻ። ከትከሻዬ በላይ አሻግሬ ወደ ታች አየሁ። ሩቅ፣ በጣም ሩቅ፣ ቡናማ ቆላ፤ የደረቀ ወንዝ እንደ ክር ተጋድሞበታል። በእኔና በእሱ መካከል አንድ ጥንብ አንሳ ክንፉን ዘርግቶ ቀስ ብሎ ይዞራል። ጀርባውን ነበር የማየው። በሕይወቴ ሙሉ ጥንብ አንሳን ከሆዱ በኩል ብቻ አውቀው ነበር። ያኔ ፍርሃቱ ለአፍታ ተወኝ፤ ዓለም ተገልብጣ ያደረች፣ እኔም ሰማዩ ውስጥ የተንጠለጠልኩ መሰለኝ። ከዚያ ነጩ ተመልሶ ዘጋው። ዓይኔን ወደ ቆቋ መለስኩ። ግራጫ ሽፋሽፍት ከታች ወደ ላይ ወጣና ቀዩን ቀለበት ሸፈነው። ደረቷ ቆመ።

ከሣሩ ውስጥ የሚጎተት ነገር ሰማሁ። ኣቦይ ሃጎስ ከቆሙበት ተነቃንቀዋል። ያ የማይታጠፍ ጉልበታቸውን እየጎተቱ፣ በሆዳቸው ተኝተው፣ መሬቱን በመዳፋቸው እየዳሰሱ፣ በየክንዱ «ኣጆኻ»፣ አይዞህ እያሉ ነበር የሚመጡት። ጋቢያቸውን ጠምዝዘው አንዱን ጫፍ በአስታው ግንድ አስረው፣ ሌላውን በብብቴ ሥር አሳለፉ። ስንት ጊዜ እንደጎተቱ አላስታውስም። ሲቀደድ ሰማሁት፤ ያዘ ግን።

ትንፋሻችን እስኪመለስ ተጋድመን ቆየን። ከዚያ እኔ እጄን ዘርግቼ ቆቋን አነሣኋት። ገና ትሞቅ ነበር። ያልኩትን ስነግራችሁ አፍራለሁ። ማን አየን አልኳቸው፤ ደርሼ ባርኬያታለሁ እንበል፣ ኃጢአቱ በእኔ ይሁን፣ ልጅቷ ትብላ። አልተቆጡም። ላባዋን በአውራ ጣታቸው አስተካከሉና፣ «ትርሓስ ብትጠይቅህ ዓይኗን እያየህ ትነግራታለህ?» አሉ። ወፏን ዘረጋሁላቸው። ቆቋን ወስደው ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ አስቀመጧት፤ ለጥንብ አንሳዎቹ ትሁን አሉ።

ጉሙ እስኪነሣ አልተነቃነቅንም። ፀሐይ ከጉሙ ብቅ ስትል ሣሩ ሁሉ ጤዛ ይዞ ያበራ ነበር። ወደ ኋላ ስንመለስ፣ ከሁለት መቶ እርምጃ በኋላ፣ አራት ቆቆች ከአስታ ሥር ወጡና እንደ ጎረቤት ዶሮ እየተንቀባረሩ መንገዳችንን አቋረጡ። ወንጭፉ ነበረን፤ ድንጋዩ ነበረን፤ መባረኪያ ካራ ግን አልነበረንም። ኣቦይ ሃጎስ ቆመው አዩአቸው። «እነዚህ ደግሞ ወሬው ደርሷቸዋል» አሉና መንገዳቸውን ቀጠሉ። ከኋላቸው እየሄድኩ አለቀስኩ፤ ሰምተውኝ ይሆናል፤ ዞረው አላዩኝም።

ሚኒባሱ ውስጥ ለትርሓስ የምነግራትን በሥርዓት አዘጋጀሁ። መጀመሪያ የአየሩን ጠባይ፣ ቀጥሎ የአደኑን ሁኔታ፣ በመጨረሻ ይቅርታ። ዓይደር ስንደርስ ከሰዓት በኋላ ሆኗል። አልጋዋ አጠገብ አክስቷ ያመጣችው ሾርባ ተከድኖ ነበር። እኔ ከአየሩ ጠባይ ጀመርኩ፤ እሷ ግን የምታየው አባቷን ነበር። ጋቢው ለምን ተቀደደ ብላ ጠየቀች።

«መምህሩን አጠመድንበት» አሉ ኣቦይ ሃጎስ።

ሳቀች። ስፌቷን በሁለት እጇ ይዛ፣ አታስቁኝ እያለች ሳቀች። ከዚያ ሁሉንም ከመጀመሪያው እንድነግራት አዘዘችኝ፤ አየሩን ተወው አለችኝ። ነገርኳት። ቆቋ በፊቴ እንዴት እንደሞተች፣ ልዋሽላት እንደነበር ጭምር። ካራውን ጣልኩት ስላት ቀና ብላ አባቷን አየች።

«የአያቴን ካራ?»

«ካራ ነው» አሉ። «ካራ ይገዛል።»

እኔ አላውቅም ነበር። በየቅዳሜው ከእጃቸው ስቀበለው፣ በየማታው ስመልስ፣ የአባታቸው መሆኑን አንድ ቀን አልነገሩኝም። ታሪኩን ትቼ ወደ ይቅርታው ልዘል ነበር። ትርሓስ ግን እንዳቆም አልፈለገችም፤ የጥንብ አንሳው ጀርባ ምን ይመስላል ብላ ጠየቀችኝ። ክንፉ ጫፉ ጠቆር ያለ፣ መሐሉ የአቧራ ቀለም ያለው፣ አንድ ላባ የጎደለው መሆኑን ነገርኳት። እሱም ወደ ላይ አየህ ወይ አለችኝ። አላየኝም አልኳት። ቆላውስ? ወንዙስ ውኃ ነበረው? ስትጠይቀኝ እጇ የሾርባውን ክዳን አንሥቶ ነበር። ማንኪያውን ስትይዝ ኣቦይ ሃጎስ ዓይናቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ፤ እንዳትቆም ብለው ይመስለኛል። የምመልሰው ሲያልቅብኝ ያላየሁትን አልጨመርኩም፤ ያየሁትን ደገምኩ እንጂ። ሳሕኑ ግማሽ እስኪሆን ድረስ ያን ኮረብታ ሁለት ጊዜ ወጥቼ ሁለት ጊዜ ወረድኩ።

ትርሓስ ሁዳዴን እንዳለችው ጾመች፤ የጾሙን ምግብ ግን በላች፤ ለፋሲካ ቤቷ ነበረች። እኔና ኣቦይ ሃጎስ አሁንም እንወጣለን፤ በአዲስ ካራ። ጉም ሲመጣ ቆቅ ብትጮህም ባትጮህም እንቀመጣለን፤ እናንተንም ወደ ደጋው ስወስዳችሁ ጉም ሲመጣ የማስቀምጣችሁ ለዚህ ነው።

ግን ከዚያ ቀን አብሮኝ የቀረው ስለ ጉም ያወቅሁት አይደለም። ያን ጠዋት ልጃቸው የምትበላው ብቸኛ ነገር በእኔ ፊት በሕይወት ነበር፤ አለች ብዬ በአፌ ነግሬያቸዋለሁ። እሳቸው ግን ስለ እጄ ጠየቁኝ። ብዙ ጊዜ፣ ፈተና ሳርም ወይም ከእናንተ አንዱ ዘግይቶ ሲገባብኝ፣ ቦታ ለውጬ አስባለሁ። እኔ ከላይ ቆሜ፣ እሳቸው ገደሉ ላይ ተንጠልጥለው፣ ታማ የተኛችው የእኔ ልጅ ብትሆን፣ መጀመሪያ የምጠይቀው ስለ ምን ነበር? ስለ ቆቋ ነበር ብዬ እፈራለሁ። ይህን ፍርሃት እስካሁን ከላዬ አላወረድኩትም፤ ማውረድም አልፈልግም።